ለወንዝ ጤንነት ምዘና ለተፈጥሮ ይዞታቸው የቀረቡ የማነጻጸሪያ ቦታዎችን እንዴት እንመርጣለን?

ከአንድ ወንዝ ወለል በመረብ ናሙና ሰብስበን 18 የነፍሳት ቤተሰቦች (ተዛማጅ ዝርያዎችን በአንድነት የሚይዙ የምደባ ክፍሎች) አገኘን እንበል። ይህ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ጥላ ባለው፣ ወለሉ ድንጋይ በሆነ የተራራ ጅረት ላይ ከሆነ ቁጥሩ ከባድ ጉዳትን ሊያመለክት ይችላል፤ በሜዳ ላይ ቀስ ብሎ በሚፈስ፣ ወለሉ ጭቃ በሆነ ወንዝ ላይ ከሆነ ግን ከሚጠበቀው በላይ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ትርጉም የሚያገኘው ያ ዓይነት ወንዝ የሰው ጫና ባያርፍበት ኖሮ ምን ይመስል ነበር ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲኖረን ብቻ ነው። ይህን መልስ የሚሰጡን ለተፈጥሮ ይዞታቸው የቀረቡ የማነጻጸሪያ ቦታዎች ናቸው።

ከጠቅላላው የምዘና ሥራ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። በናሙና አወሳሰድ ላይ የተፈጸመ ስሕተት አንድን ናሙና ያበላሻል፤ በማነጻጸሪያ ቦታ ምርጫ ላይ የተፈጸመ ስሕተት ግን ከዚያ ቦታ ጋር የሚነጻጸረውን ወንዝ ሁሉ ውጤት ያዛባል፤ ያውም ስሕተቱ በሪፖርቱ ላይ የትም አይታይም። አስቀድሞ የተጎዳ ጅረት ጤናማ ተብሎ መለኪያ ከሆነ፣ ሌሎች የተጎዱ ወንዞችም ከእርሱ አንጻር ጤናማ መስለው ይታያሉ፤ እንዲያገግሙ ሊታገዙ የሚገባቸውም ያለ ጠያቂ ይቀራሉ።

የምንፈልገውን አስቀድሞ በቃል መወሰን

ፈጽሞ ያልተነካ ወንዝ ማግኘት ዛሬ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ሰው ረግጦት በማያውቅ ተራራ ላይ ያለ ጅረት እንኳ በአየር የሚመጣ ብክለት ይደርሰዋል። በመሆኑም ማነጻጸሪያ የሚለው ቃል በየጥናቱ የተለያየ ነገርን ሲያመለክት ይገኛል። አንዳንዱ የሰው ጫና እጅግ ጥቂት የሆነበትን ቦታ ማለቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የውኃ ማዕቀፍ መመሪያ ከአምስቱ የጤንነት ደረጃዎች ከፍተኛውን የሚሰጠው በሰው ምክንያት የመጣው ለውጥ ጨርሶ ለሌለበት ወይም እጅግ አነስተኛ ለሆነበት ውኃ ነው። ሌላው ደግሞ ዛሬ በአካባቢው ካሉት ቦታዎች ሁሉ ጉዳቱ ያነሰበትን ማለቱ ነው። ሦስተኛው በታሪክ መዝገብ የሚታወቀውን የቀድሞ ይዞታ፣ አራተኛው ደግሞ አሁን ባለው የመሬት አጠቃቀም ተገቢው ጥንቃቄ ሁሉ ቢደረግ ሊደረስበት የሚችለውን ደረጃ ይይዛል።

እነዚህ አራቱ አንድ አይደሉም። በተለይ የመጀመሪያውና የሁለተኛው መምታታት ብዙ ጥፋት ያመጣል፤ ምክንያቱም ተፋሰሱ በሙሉ በታረሰበት አካባቢ ጉዳቱ ያነሰበት ወንዝ ራሱ በእጅጉ የተጎዳ ሊሆን ይችላል። የዓሣ ሀብት ተመራማሪው ዳንኤል ፖሊ እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳመለከተው፣ እያንዳንዱ የባለሙያ ትውልድ ሥራ ሲጀምር ያገኘውን ይዞታ እንደ ተፈጥሯዊ መነሻ ስለሚቆጥር፣ መነሻው ከትውልድ ወደ ትውልድ እያሽቆለቆለ ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከአራቱ የትኛውን እንደምንፈልግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ከሰነዱ ራስጌ ላይ ማስቀመጥ ነው። ያ ዓረፍተ ነገር ከሌለ በኋላ የሚመጣው አንባቢ ውጤታችንን ከሌላ ጥናት ውጤት ጋር ሊያስተያየው አይችልም።

ወንዞችን በተፈጥሯዊ ዓይነታቸው መለየት

ቀጣዩ ሥራ እኩያን ከእኩያው ጋር ለማነጻጸር ወንዞችን በዓይነት መክፈል ነው። ለዚህ የሚያገለግሉት መመዘኛዎች ሰው በቀላሉ የማይለውጣቸው ናቸው፤ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ፣ የተፋሰሱ ስፋት፣ የሥረ መሬቱ የአለት ዓይነት፣ የመሬቱ ተዳፋትነት፣ የአየር ንብረቱ፣ እንዲሁም ወንዙ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወይም በበጋ የሚደርቅ መሆኑ። የአውሮፓው መመሪያ ለምሳሌ ከፍታን ከ200 ሜትር በታች፣ ከ200 እስከ 800 ሜትርና ከ800 ሜትር በላይ ብሎ ሲከፍል፣ የተፋሰስ ስፋትን ከ10 እስከ 100፣ ከ100 እስከ 1,000፣ ከ1,000 እስከ 10,000 እና ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ብሎ ይመድባል። እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ መቅዳት አያስፈልግም፤ የየአገሩ መልክዓ ምድር የራሱን ወሰን ይሻልና።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባው ሰው የሚለውጠውን ነገር ለመከፋፈያ ከመጠቀም ነው። የናይትሬት መጠንን ወይም የወለሉን ደለል ይዘን ወንዞችን ብንመድብ፣ የተበከለው ወንዝ የራሱ ዓይነት ተደርጎ ይያዝና ከሌሎች የተበከሉ ወንዞች ጋር ብቻ ይነጻጸራል፤ ጉዳቱም በምደባው ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል። የዓይነቶቹ ቁጥርም ቢበዛ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ቦታ ያንሳል፤ ቢያንስ ደግሞ የማይመሳሰሉ ወንዞች በአንድ ስም ይጠራሉ። ወንዞችን በሳጥን ከመክፈል ይልቅ ለእያንዳንዱ ቦታ የሚጠበቁትን ነፍሳት ከከፍታው፣ ከስፋቱና ከመሳሰሉት ባሕርያት በስሌት የሚተነብይ ሌላ መንገድም አለ። በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የተገነባው ሪቭፓክስ የተባለው ሥርዓት በዚህ መንገድ የሚሠራ ሲሆን፣ ሦስተኛው እትሙ በታላቋ ብሪታኒያ 614 የማነጻጸሪያ ቦታዎች ላይ የቆመ ነበር።

በካርታና በሳተላይት ምስል ማጣራት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቦታውን ብቻ በማየት ነው። ናሙና የሚወሰድበት ነጥብ የላይኛው ተፋሰስ ሁሉ ውጤት ስለሆነ፣ አስቀድመን ከዚያ ነጥብ በላይ ያለውን ተፋሰስ በሙሉ በካርታ ላይ ማካለል አለብን። ከዚያ በክልሉ ውስጥ የታረሰውን መሬት፣ የተገነባውን መሬት፣ የማዕድን ማውጫውን፣ ግድቡን፣ የወንዝ ጠለፋውን፣ ወንዙን የሚያቋርጠውን መንገድ፣ የፍሳሽ መውጫውንና የከብት ውኃ መጠጫውን አንድ በአንድ እንመዘግባለን። ከወንዙ ግራና ቀኝ ያለው የዕፅዋት ቀበቶ ለብቻው ሊለካ ይገባዋል፤ በተፋሰሱ ዳር ያለ እርሻና እስከ ወንዙ አፋፍ የተጠጋ እርሻ ጉዳታቸው እኩል አይደለምና።

ለእያንዳንዱ ጫና ወሰኑ አስቀድሞ ይጻፍ። ቦታዎቹን ካየን በኋላ የምናወጣው ወሰን ሳናውቀው የወደድነውን ቦታ የሚያሳልፍ ሆኖ ይቀረጻል። ወሰኑን ስናወጣ ምርምር የሚለውን እንስማ፤ አስፋልትና ጣሪያን በመሰለ ውኃ በማያስገባ ገጽ የተሸፈነው የተፋሰስ ክፍል ወደ 10 በመቶ ሲደርስ የጅረቶች መጎዳት በግልጽ እንደሚታይ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ቆይቷል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ ስስ የሆኑት ነፍሳት ከዚያም በእጅጉ ባነሰ መጠን መጥፋት እንደሚጀምሩ አሳይተዋል። ስለዚህ ለማነጻጸሪያ ቦታ የሚፈቀደው የግንባታ መጠን ከ10 በመቶ እጅግ ያነሰ መሆን አለበት።

ግድብን በሚመለከት በርቀቱ አንዘናጋ። ከግድብ በታች ያለው ወንዝ ውኃው የጠራ፣ ዳርቻውም በደን የተሸፈነ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ደለልና ጠጠር ከግድቡ ኋላ ስለሚቀር ከታች ያለው ወለል ጥቃቅኑ ታጥቦ ትላልቁ ድንጋይ ብቻ የሚቀርበት ይሆናል፤ ከጥልቁ የሚለቀቀው ውኃ በበጋ ከተፈጥሯዊው ይቀዘቅዛል፤ የጎርፉም ጊዜ ይለወጣል። ይህ ተጽዕኖ ለብዙ ኪሎ ሜትሮች ይዘልቃል።

ካርታ የማያሳያቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ያለፈ ታሪክ ነው። በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ምዕራባዊ ክፍል በሚገኙ ጅረቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በጅረቶቹ ውስጥ የተገኘውን የነፍሳትና የዓሣ ብዝኃነት ከሁሉ በተሻለ የሚያብራራው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የነበረው የመሬት አጠቃቀም መሆኑን አሳይቷል፤ ደኑ ተመልሶ ቢያድግም የቀድሞው እርሻ አሻራ ከጅረቱ ወለል አልጠፋም ነበር። ስለዚህ የድሮ የአየር ፎቶግራፍ ከተገኘ ከአዲሱ የሳተላይት ምስል እኩል ይመርመር። ሁለተኛው ከሩቅ የሚመጣ ጉዳት ነው። በኖርዌይና በስዊድን ከማናቸውም ከተማ ርቀው የሚገኙ ጅረቶችና ሐይቆች ባለፈው ክፍለ ዘመን ከሩቅ ኢንዱስትሪ በነፋስ በመጣ ድኝ አሲዳማ ሆነው ዓሦቻቸው አልቀዋል፤ ውኃው ግን ኩልል ያለ ነበር። የጠራ ሁሉ ንጹሕ አይደለም።

በእግር ሄዶ ማየት

በካርታ ያለፈው ቦታ እጩ እንጂ ማነጻጸሪያ አይደለም። በመስክ መጀመሪያ የሚታየው ናሙና የሚወሰድበት የወንዝ ክፍል ርዝመት ነው፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በአገር አቀፍ ዳሰሳው የወንዙን ስፋት 40 ጊዜ ያህል፣ ቢያንስ ግን 150 ሜትር ይወስዳል። ከዚህ በላይ ደግሞ ሽቅብ መሄድ ያስፈልጋል፤ እኔ ቢያንስ አንድ ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ቅጹን አልፈርምም። ይህን ልማድ ያመጣብኝ የራሴ ስሕተት ነው። አንድ ጊዜ ጥላው ያማረ፣ ጠጠሩ አንድ በአንድ የሚቆጠርበት ጅረት አግኝቼ በመንገዱ ድልድይ አጠገብ ቆሜ ቅጹን ሞልቼ ተመለስሁ። በሁለተኛው ዓመት ከባልደረቦቼ ጋር ሽቅብ ስንወጣ ከጥቅጥቁ ዛፍ በላይ ለመስኖ የተጠለፈ ቦይ አገኘን፤ በበጋ ወራት ከጅረቱ ውኃ አብዛኛውን የሚወስደው እርሱ ነበር። ከዚያ ቦታ ጋር ያነጻጸርናቸው ውጤቶች ሁሉ እንደገና ተሰሉ።

ወለሉን በእጅ መፈተሽ ከሁሉ የሚያስተምር ሥራ ነው። ውኃው ፈጠን ብሎ በሚፈስበት ቦታ ጎንበስ ብለን የጡጫ ያህል ድንጋይ እንያዝ። ድንጋዩ ያለ ትግል ከተነሣ፣ ሥሩም ውኃ የሚያልፍበት ክፍተት ያለው ከሆነ መልካም ነው። ጭቃ እንደ ሲሚንቶ ይዞት በጥፍር ካልተፈለቀቀ በቀር የማይነሣ ከሆነ፣ ስናነሣውም ቡናማ ደለል እንደ ጢስ ቦለል ብሎ ወደ ታች ከሄደ፣ ከላይ አፈር እየታጠበ መሆኑን ያመለክታል። ጀርባውን በአውራ ጣት እንዳብሰው፤ ስስ የሚያንሸራትት ሽፋን የተለመደ ነው፤ እንደ ፀጉር የረዘመ አረንጓዴ አልጌ ግን ከመጠን ያለፈ ብርሃንና ማዳበሪያ መኖሩን ያስጠረጥራል። ከዚያ ድንጋዩን ስንገለብጥ ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላቸው፣ በሆዳቸው ግራና ቀኝ የተደረደሩ ስንጥቦቻቸውን የሚያርገበግቡ እጮች ሲሯሯጡ፣ ከአሸዋ ቅንጣት የተገነቡ ጥቃቅን ቤቶችም ተለጥፈው ልናይ እንችላለን። ይህ የሚያስደስት እይታ ነው፤ ነገር ግን በመምረጫው ቅጽ ላይ አይጻፍ።

የምለው ነገር ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። የማነጻጸሪያ ቦታ የሚመረጠው በሚደርስበት ጫና እንጂ በሚኖሩበት ነፍሳት ወይም ዓሦች መሆን የለበትም። ነፍሳት የበዙበትን ቦታ መርጠን ማነጻጸሪያ ካልነው በኋላ «ጤናማ ወንዝ ነፍሳቱ የበዙበት ነው» ብንል፣ ያረጋገጥነው የራሳችንን ምርጫ እንጂ ስለ ወንዙ አንዳች ነገር አይደለም። ከዚህም የከፋው፣ በተፈጥሯቸው ጥቂት ነፍሳት ያሏቸው ነገር ግን ያልተነኩ ጅረቶች ከዝርዝሩ ይወጡና የሚጠበቀው መጠን ያለ አግባብ ከፍ ይላል፤ በዚህም ደኅና የሆኑ ወንዞች ታመዋል ይባላሉ። እንግዲህ የሕይወት መረጃው የሚሰበሰበው ቦታው ከተመረጠ በኋላ ነው። ለዚህ ሥርዓት አንድ ማሻሻያ ብቻ እቀበላለሁ፤ ከሌላ አገር የመጣ ወራሪ ዝርያ መኖሩ ራሱ እንደ ጫና ይቆጠራል። በኒውዚላንድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የገባው ትራውት የተባለ ዓሣ የአገሩን ዓሦች ከማሳደድ አልፎ፣ አልጌ የሚግጡ ነፍሳት ቀን ቀን በድንጋይ ሥር እንዲሸሸጉ በማድረጉ አልጌው በድንጋዩ ላይ እንዲበዛ አድርጓል፤ በእንዲህ ያለ ጅረት ላይ ውኃውም ዳርቻውም እንከን ላይኖረው ይችላል።

በመስክ ቀሪው ሥራ በፍጥነት የሚሠራ ነው፤ የተቆፈረ ወይም በድንጋይ የተገነባ ዳርቻ፣ የከብት ኮቴ ያፈረሰው አፋፍ፣ የአሸዋ ማውጫ፣ የልብስ ማጠቢያና የቆሻሻ መጣያ መኖሩ ይታያል። የውኃው ሙቀት፣ አሲዳማነቱ፣ የተሟሟው ኦክስጅንና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ ይለካል። በአካባቢው ለረጅም ዘመን የኖሩ ሰዎችም ይጠየቁ፤ ወንዙ በየትኛው ዓመት እንደ ደረቀ፣ ከላይ ምን እንደ ነበረ፣ ዓሦች መቼ እንደሞቱ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ቁጥራቸውና ስርጭታቸው

ለአንድ የወንዝ ዓይነት አንድ ማነጻጸሪያ አይበቃም። ጤናማ ወንዞችም እርስ በርሳቸው ይለያያሉ፤ ያ ልዩነት ካልታወቀ ደግሞ በምንመዝነው ወንዝ ላይ የምናየው ጉድለት ጉዳት ይሁን ተፈጥሯዊ መለዋወጥ መለየት አይቻልም። የሚጠበቁት 24 ቤተሰቦች ሆነው የተገኙት 18 ቢሆኑ ምጥጥኑ 0.75 ነው። የማነጻጸሪያ ቦታዎቹ ራሳቸው ከ0.9 እስከ 1.1 የሚዋልሉ ከሆነ 0.75 ግልጽ ጉዳት ነው፤ ከ0.7 እስከ 1.3 የሚዋልሉ ከሆነ ግን በዚያ ውጤት ማንንም መክሰስ አይቻልም። ስለዚህ ለየዓይነቱ በርከት ያሉ፣ በተቻለ መጠንም በተለያዩ ተፋሰሶች የሚገኙ ቦታዎች ይያዙ። በአንድ ወንዝ ላይ ተከታትለው የሚገኙ አምስት ነጥቦች እንደ አምስት ምስክር አይቆጠሩም።

ሌላው የተለመደ ዝንባሌ ያልተነኩት ቦታዎች ሁሉ ከላይኛው ምንጭ አካባቢ መሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የቀረበው የወንዝ ተከታታይነት ጽንሰ ሐሳብ እንደሚያስረዳው፣ በላይኛው ጥላማ ክፍል የወደቀ ቅጠል የሚቆራርጡ ነፍሳት፣ ወንዙ ሰፍቶ ፀሐይ በሚያገኝበት መካከለኛ ክፍል አልጌ የሚግጡ፣ በታችኛው ክፍል ደግሞ ከላይ የመጣውን ጥቃቅን ብናኝ የሚሰበስቡ ይበዛሉ። የታችኛውን ወንዝ ከምንጩ ጋር ማነጻጸር አዛውንትን ከሕፃን ጋር እንደ ማነጻጸር ነው።

ያልተነካ ቦታ በማይገኝበት ጊዜ

ለትላልቅ የቆላ ወንዞች ብዙ ጊዜ አንድም ተስማሚ ቦታ አይገኝም። ይህ ሲያጋጥም ወሰኑን በዝምታ ማላላት ትልቁ ጥፋት ነው። ከእርሱ ይልቅ አንደኛ፣ ከድንበር ባሻገር ተመሳሳይ መልክዓ ምድር ባለው አገር ያለ ወንዝ ይፈለግ፤ ወንዝ የፖለቲካ ወሰን አያውቅምና። ሁለተኛ፣ የቆዩ ካርታዎች፣ የዓሣ ማስገሪያ መዝገቦችና በቤተ መዘክር የተቀመጡ ናሙናዎች ይመርመሩ። ሦስተኛ፣ የጫናው መጠን እየቀነሰ ሲሄድ ሕይወቱ እንዴት እንደሚለወጥ ከብዙ ቦታዎች አጥንቶ፣ ጫናው ዜሮ ቢሆን ምን ይገኝ ነበር የሚለውን በስሌት መገመት ይቻላል። የባለሙያ ግምት የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ሲሠራበትም የገማቾቹ ምክንያት በጽሑፍ ይቀመጥ። ጉዳቱ ያነሰበትን ቦታ ከመጠቀም ውጭ አማራጭ ከጠፋ፣ በየሪፖርቱ ያ ስም ሳይቀየር ይጻፍ፤ «ከአካባቢው በትንሹ የተጎዳ» የተባለው በሁለተኛው ገጽ «ተፈጥሯዊ» ሆኖ እንዳይገኝ።

ከምርጫ በኋላ

ናሙናው በሁሉም ቦታ በአንድ ዓይነት መረብ፣ በእኩል ጊዜና በአንድ ወቅት ይሰብሰብ፤ ከትልቅ ጎርፍ በኋላ ወለሉ እስኪረጋና ነፍሳቱ እስኪመለሱ ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ ያስፈልጋል። ውጤቱ ሲወጣ ከሌሎቹ ተለይቶ ዝቅ ያለ ቦታ ሊኖር ይችላል። ዝቅ ስላለ ብቻ አውጥቶ መጣል በፊት በር ያባረርነውን ስሕተት በጓሮ በር መመለስ ነው። ትክክለኛው አካሄድ ወደ ቦታው ተመልሶ ያላየነውን ጫና መፈለግ ነው፤ ከተገኘ ቦታው ይወጣል፤ ካልተገኘ ይቆያል፤ የዓይነቱ ልዩነትም ያን ያህል ሰፊ መሆኑን ተምረናል ማለት ነው።

ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ማኅደር ይከፈት። በውስጡም የቦታው መገኛ ነጥብ፣ የተፋሰሱ ካርታ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተነሡ ፎቶግራፎች፣ የእያንዳንዱ ጫና መጠንና የተፈቀደለት ወሰን፣ ውሳኔውን የሰጡት ሰዎችና ቀኑ ይቀመጡ። ያልተመረጡት ቦታዎችም ከነምክንያታቸው ይመዝገቡ፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ያንኑ ቦታ አይቶ እንዳይደክም፣ ወሰኑ ቢለወጥም እንደገና እንዲታይ ይረዳል።

የአየር ንብረቱ እየሞቀ፣ የዝናቡም ጊዜ እየተለወጠ ባለበት ዘመን የማነጻጸሪያ ቦታዎቹ ራሳቸው ይለወጣሉ። ከመካከላቸው የተወሰኑት በየዓመቱ፣ ሌሎቹ ደግሞ በተራ በየጥቂት ዓመቱ ናሙና ቢወሰድባቸው፣ በምንመዝነው ወንዝ ላይ የታየው ለውጥ ከአካባቢው ጫና ይሁን ሁሉንም ከነካው ሙቀት የመጣ መለየት ይቻላል። በየጉብኝቱም ሽቅብ የሚደረገው ጉዞ ይደገም። በአንድ ክረምትና በቀጣዩ መካከል መንገድ ሊቀደድ፣ ደን ሊመነጠር፣ ቦይ ሊቆፈር ይችላል፤ ያ ሲሆን ቦታው ከዝርዝሩ የሚወጣበት ቀን በማኅደሩ ላይ ይጻፋል፤ ከዚያ ቀን በፊት የተሰበሰበው መረጃ ግን ባለበት ይቆያል።